በዋስ የሄደ እስክስታ

መካነ ሰላም ውስጥ ስለዚህ ጉዞ የሚወራው ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነው። ገበያ ስወጣ አንዱ ይስቅብኛል፣ አንዱ ያዝንልኛል፣ አንዱ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እውነቱን ንገረኝ፤ ለምን ተመለስክ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ስተርክ ከምውል አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ቡልጋሪያን የማየት ዕድል ለሌላችሁም አገሪቱን በዚያው ላሳያችሁ እሞክራለሁ፤ ምንም እንኳ እኔ ራሴ ካየሁት ያላየሁት ቢበዛም።

ስሜ ደምሴ ነው። ሥራዬ የጂኦግራፊ መምህርነት ነው። ይህን ሙያዬን አስታውሱልኝ አልልም፤ እንዲያውም ጽሑፉን እስክትጨርሱ ብትረሱልኝ ደስ ይለኛል። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በከተማችን የባህል ቡድን ውስጥ ከበሮ እመታለሁ፤ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩም መሪ ተብያለሁ። ቡልጋሪያ ውስጥ በአንዲት የተራራ ከተማ በነሐሴ በሚደረግ የባህል ጭፈራ በዓል ላይ እንድንገኝ ጥሪ ሲደርሰን እልልታው ቀለጠ። እልልታው ሳይበርድ ግን ያ የታወቀ ጥያቄ መጣ፤ ሄደው ቢጠፉስ?

እኛ ዘንድ ሰው በሁለት መንገድ ይጠፋል። መንገድ ስቶ የሚጠፋ አለ፤ ውጭ አገር ሄዶ የሚጠፋ አለ። የመጀመሪያውን ሰዉ ይፈልገዋል፣ ሁለተኛውን ይረግመዋል፤ እየረገመ የሚቀናበትም አይታጣም። ከሌላ ቦታ ከሄደ አንድ ቡድን የተመለሰው ክራሩ ብቻ ነው እየተባለ ይወራል። ከእኛ አንድ ሰው ቢጎድል ቡድናችን እንደሚፈርስ አስቀድሞ ተነግሮናል።

የሁሉም ጭንቀት ሐረግ ላይ ነበር። ሐረግ የቡድናችን ትከሻ ናት፤ እሷ ከሌለች እኛ የምንጨፍር ሳይሆን ብርድ የመታን ነው የምንመስለው። አባቷ መሪጌታ ይባቤ የድጓ መምህር ናቸው፤ የልጃቸውን እስክስታ እንደ ኮሶ ዓይናቸውን ጨፍነው የዋጡ አባት። ለማስፈቀድ ቤታቸው ድረስ ሄድን።

«ልጄን ለባህል ቢሮ አልሰጥም» አሉ። «ለሰው ግን እሰጣለሁ። ዋሷ ማነው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ክፍል ውስጥም ተማሪ ዝም ካለ ጥያቄዬን ራሴው ነኝ የምመልሰው። «እኔ ነኝ፣ የኔታ» አልኩ።

«እንዳትጠፋ?»

«እንዳትጠፋ።»

«የፍልሰታን ጾም መንገድ ላይ እንዳትገድፍ?»

«እንዳትገድፍ።»

«በል እግዜር ያግባችሁ» ብለው መረቁን። ስንወጣ መሰንቆ መቺያችን ሰይድ ትከሻዬን መታ አደረገና «አብሽር ወንድሜ!» አለኝ። «ግን አንተ እኮ ጃንጥላህን እንኳ ይዘህ ተመልሰህ አታውቅም።»

ማክሰኞ

ከመካነ ሰላም የወጣነው በጭጋግ ውስጥ ነው። ከበሮዬን በላስቲክ ጠቅልለን ሚኒባሱ ጣራ ላይ አስረነው ነበር፤ አቀስታ ስንደርስ ከበሮው አለ፣ ላስቲኩ የለም። የአቀስታን የነሐሴ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ከበሮውን ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥነው። ባለቤቲቱ ለእኛ ሻይ ከመቅዳቷ በፊት ለእሱ ጆንያ አለበሰችው።

«ወዴት ናችሁ በአላህ?» አለች።

«ውጭ አገር።»

«በአፊያ ሂዳችሁ በአፊያ ተመለሱ። አላህ ሁላችሁንም ይመልሳችሁ።»

«ሁላችሁንም» ያለችውን እኔ ብቻ ነኝ በደንብ የሰማሁት። ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩና ቡድኑን አንድ በአንድ አየሁት፤ ሐረግ ላይ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ግን ከበሮውን እያገላበጠች ታሞቃለች።

ደሴ አደርን። በነጋታው ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ውለን አዲስ አበባ ገባን።

ሐሙስ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ የሁሉንም ፓስፖርት ሰበሰብኩ። ባለቤቴ እናኑ የሰፋችልኝ የጨርቅ ቀበቶ ነበረችኝ፤ ፓስፖርቶቹን እዚያ ውስጥ ከትቼ ሸሚዜ ሥር ታጠቅኋት። ሆዴ ወደ ፊት ወጣ።

«የኔንም ትወስዳለህ?» አለ ሰይድ።

«ያንተንም።»

«ኧረ እኔ እንኳን ልጠፋ፣ እዚህም የደረስኩት ሚስቴ ገፍታኝ ነው።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ማንም ሳላየው እንዳያልፍ መተላለፊያው ዳር ተቀመጥኩ። ሰማይ ላይ ወዴት ይጠፋሉ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም መልስ አልነበረኝም። ኢስታንቡል ላይ ቀይረን ሶፊያ ስንወርድ አስተርጓሚያችን ኤሌና ጠበቀችን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ የእኔ ደግሞ ለፈተና የሚሆን ዓይነት ነው።

መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱፍ ተዘርቶበት ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እኛ ዘንድ ነሐሴ የጭቃ ወር ነው፤ እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኤሌና በመስኮት አንድ ጉብታ ላይ ያለ የድሮ ምሽግ አሳየችንና ተራራውን አደነቀች። ይህ መቅደላ ሥር ቢቀመጥ ለመንገደኛ ማረፊያ ድንጋይ ነው የሚሆነው ልላት ፈለግሁ። በእንግሊዝኛ ስደረድረው እሷ የገባት እግሬን አሞኝ ድንጋይ ላይ ማረፍ እንደፈለግሁ ነው። አውቶቡሱን አስቆመችው። እኔም አፍሬ ወርጄ ድንጋይ ላይ ትንሽ አረፍኩ።

ያረፍነው በአንድ ትምህርት ቤት አዳሪ ቤት ነው። ኩሽናውን የያዙት ባባ ስቶያንካ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በእነሱ ቋንቋ ባባ ማለት ሴት አያት ነው፤ እኛ ባባ የምንለው አባትን ወይም ወንድ ልጅን ስናቆላምጥ ስለሆነ መጀመሪያ ስማቸውን ስንሰማ የምንጠብቀው ሽማግሌ ነበር። አሮጊቷ ሽታው የሚያውድ ትልቅ ድስት ይዘው መጡና ጭልፋውን ከፍ አድርገው ላውጣላችሁ ወይ በሚል ዓይን አዩን። እኛ ከደሴ ጀምሮ በቅጡ አልበላንም። ሁላችንም እንደ አገራችን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ «እ!» ብለን ሳብን፣ አገጫችንን ቀና አደረግን። እንዴታ፣ አዎ ማለታችን ነው።

ባባ ስቶያንካ ፊታቸው ወደቀ። ድስቱን ይዘው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው በሌላ ሳህን ሌላ ነገር ይዘው መጡ፤ እኛም ይበልጥ ፈጠን ብለን «እ!» አልን፣ አገጫችንንም ይበልጥ ቀና አደረግን። ይህን ጊዜ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛ ደረቅ ዳቦ በውሃ እያማግን ተኛን። ሰይድ «እነዚህ ሰዎች ምግቡን የሚያሳዩት ለበረካ ነው መሰለኝ» አለ።

ዓርብ

ጠዋት ኤሌና መጥታ ሁሉን ፈታችው። እነሱ አገር አገጭን ወደ ላይ ቀና ማድረግ እምቢ፣ አልፈልግም ማለት ነው፤ ራስን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ደግሞ አዎ ማለት ነው። አሮጊቷ ሌሊቱን ምግቤን ናቁት እያሉ ሲብሰለሰሉ አድረዋል። በዚያ ላይ ትንፋሽ ስንስብ አስም ያለብን መስሏቸው ሐኪም ይጠራ ብለው ነበር። ጾም ላይ መሆናችንንም ኤሌና ነገረቻቸው። ባባ ስቶያንካ አማተቡ፤ የእነሱ የማርያም ጾም ከእኛ ቀድሞ መፈታቱ ነው። የኩሽናቸውን ወተትና እርጎ አርቀው ቦሎቄ በቲማቲም ሠሩልን፤ እየበላን ሳለ እያንዳንዳችንን ጀርባችንን ያሻሹን ነበር። ሰይድም ሥጋው ስለማይሆነው ከእኛው ጋር ቦሎቄውን ሲገምጥ ሰነበተ። «ወላሂ፣ ዘንድሮ እኔም ፍልሰታን ጾምኩ» ይላል።

ከቁርስ በኋላ እንደ መምህርነቴ ቡድኑን ሰብስቤ አስተማርኩ። «መወዝወዝ አዎ፣ ቀና ማለት አይደለም። ድገሙ!» ሁሉም ደገመ። በጣም የኮራሁበት ትምህርት ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በልምምድ መካከል ሐረግ ከአንዲት ቡልጋሪያዊት ጋር ለብቻዋ ስታወራ አየሁ። ሴትዮዋ ወረቀት ላይ መንገድ የመሰለ ነገር ሣለችላት፤ ሐረግ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አልኩ። ሐረግን ምን ሰጠችሽ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። በምትኩ ፍራሼን ከአልጋዬ ላይ አንስቼ የአዳሪ ቤቱ መውጫ በር ሥር አነጠፍኩ። ለምን ሲሉኝ ለወገቤ ነው አልኩ። ሽንት ቤቱ ከበሩ ማዶ ስለነበር ቡድኑ በሙሉ እየረገጠኝ ሲያልፍ አደረ፤ ወገቤም እውነትም ታመመ።

ቅዳሜ

የምንጫወተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ገና ሲነጋ አንድ እግር ተራመደኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሐረግ ናት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታለች። አበቃ አልኩ። ጋቢዬን ለብሼ፣ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ እንደሰካሁት ትቼ ተከተልኳት። ከጥግ ጥግ እየተሸጎጥኩ ነው። በጋቢ የሚሸጎጥ ሰው በዚያች ከተማ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ አሁን ሳስበው ያመኛል።

የአትክልት ገበያው ጋ ስንደርስ ሰው በዛና ጠፋችብኝ። ወዲያ ሮጥኩ፣ ወዲህ ሮጥኩ፤ የለችም። በቃ፣ ዋስነቴ ቲማቲም መሐል ቀረ። ቢያንስ ለቡድኑ ልንገር ብዬ ልመለስ ስዞር የመጣሁበት መንገድ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ፀሐይዋን አይቼ ምሥራቅን ልለይ ስል ደመና ሸፍኗታል። (ሙያዬን እርሱት ብያለሁ።)

ትምህርት ቤትን በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ከኤሌና ሰምቼ ይዣለሁ። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ወደ ፊት እየጠቆምኩ «ኡቺሊሽቴ?» አልኳቸው። ሰውዬው ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አዩና ራሳቸውን ወዘወዙ። ያስተማርኩት ትምህርት ነው፤ መወዝወዝ አዎ ነው። ወደ ፊት ሄድኩ። ቤቶቹ እየሳሱ መጡ። አንዲት ሴት ጠየቅሁ፤ እሷ ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች። እንግዲያው አይደለም ማለቷ ነው ብዬ ታጠፍኩ። ይህን እየደጋገምኩ ከተማዋን በሞላ ዞርኩ።

ኋላ ኤሌና ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ሰዎቹ የውጭ አገር ሰው መሆኔን አይተው፣ ግራ እንዳይጋባ ብለው፣ የራሳቸውን ትተው በእኔ አገር ልማድ እየመለሱልኝ ነበር። እኔ ለእነሱ ብዬ፣ እነሱ ለእኔ ብለው ተሳሳትን። በዓለም ላይ በጨዋነት ብዛት የጠፋ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ አውቶቡስ ቆሞ አየሁና ሹፌሩን «ፌስቲቫል?» አልኩት። ምን እንዳደረገ እንኳ አላየሁም፤ በራስ ንቅናቄ ላይ የነበረኝ እምነት አልቋል። ገባሁ። ተራራ ወጣ፣ ወረደ፣ አንዲት መንደር ላይ አውርዶኝ ሄደ። በግ፣ አጥር፣ የፍግ ሽታ። እኛው አገር፣ ደጎሎ መንገድ ላይ የወረድኩ መሰለኝ፤ ደጎሎ ቢሆን ግን የሚያውቀኝ አይጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቀበቶዬን የዳሰስኩት። የሁሉም ፓስፖርት ሆዴ ላይ ነው። ማንም እንዳይጠፋ ብዬ የሰበሰብኩት እኔ ጋ ጠፍቷል፤ እኔ ካልተመለስኩ ማንም ወደ አገሩ አይመለስም። አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ቲማቲም ፒክአፕ ላይ የሚጭን አንድ ገበሬ አየኝና መጣ። ዳቦና አይብ አቀረበልኝ። ጾም ነኝ ለማለት እንደ ልማዴ ራሴን ወዘወዝኩ፤ እሱም አይቡን ጨመረልኝ። ይበልጥ ወዘወዝኩ፤ ይበልጥ ጨመረልኝ። ተስፋ ቆርጬ አማተብኩና አይቡን ወደ ጎን ገፋሁ። ገባው። አይቡን አንስቶ ጨርቅ ሸፈነበትና ከጫነው ላይ ትልልቁን ቲማቲም መርጦ በጨው ሰጠኝ። እኔ ከበሮ የምመታ መሆኔን በጉልበቴ ላይ እየመታሁ አሳየሁት። ጭነቱን ሳይጨርስ ገበያውን ትቶ ወደ ከተማዋ ነዳልኝ። የእኛ አገር ሹፌር ቢሆን እንኳ ለማያውቀው ሰው ይህን ማድረጉን እንጃ፤ ምናልባት የእኛ ገበሬ ያደርገው ይሆናል።

ስንደርስ ዝግጅታችን አልቆ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። በእኔ ቦታ አንድ ቡልጋሪያዊ በራሳቸው ከበሮ አጅቧቸዋል፤ አመታቱ የእኛም የእነሱም አልነበረም አሉ። ሰዉ ግን እጅግ ወዶታል። በማግስቱ በመዝጊያው ላይ እኔ የመታሁት የዚያን ግማሽ እንኳ አልተጨበጨበለትም።

ከመድረኩ ኋላ ቡድኑ ሲያየኝ ገሚሱ አለቀሰ፣ ገሚሱ ሰደበኝ። ሐረግ እዚያው ናት፤ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ታጣጥፋለች።

«የት ነበርሽ ጠዋት?» አልኳት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ጠያቂው እኔ ነኝ።

«ቤተ ክርስቲያን። ቁርባናችን አንድ ባይሆንም ደጅ መሳለም ማን ይከለክለኛል? ትናንት አንዲት ሴት መንገዱን ሣለችልኝ። ለአባቴ በፍልሰታ አንድ ጠዋት እንኳ ሳልሳለም አልመለስም ብያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በር ላይ ተኝተው ያንኮራፉ ነበር፣ ጋሼ።» ነጠላዋን አጣጥፋ ጨረሰችና «እርስዎ ሲከተሉኝ ግን አይቻለሁ» አለች። «ዞሬ ብጠራዎት ያፍራሉ ብዬ ተውኩ። ጋሼ፣ ዋሴ ነዎት ወይስ ጠባቂዬ?»

የምገባበት አጣሁ። ሰይድ ሊያድነኝ ብሎ ነው መሰለኝ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። «ደምሴ፣ አንዲት ነገር አለች» አለኝ። «ስትጠፋ ደንግጬ ሚስቴ ጋ ደወልኩ። ደምሴ ጠፋብን አልኳት። ኔትወርኩ ደግሞ ‹ብን›ዋን በላት።»

«ምን ሰማች ታዲያ?»

«‹ደምሴ ጠፋ› የምትለዋን ብቻ። ከዚያ ተቋረጠ።»

የሰይድን ባለቤት የማያውቅ ላይገባው ይችላል። እሷ የሰማችውን ከሰዓት በፊት ገበያው በሙሉ ሰምቶታል ማለት ነው። መልሰን ብንደውል መካነ ሰላም ኔትወርክ የለም፤ ያን ቀንም፣ ቀጥሎም አልነበረም።

እሑድ

ከቁርስ በፊት ቀበቶዬን ፈትቼ ፓስፖርቱን ለየባለቤቱ መለስኩ። ሐረግ የእሷን ተቀብላ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ስንሸኝ ባባ ስቶያንካ ለመንገዳችን ቦሎቄ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አመሰግናለሁ ለማለት ራሴን በምን በኩል እንደማንቀሳቅስ ግራ ስለገባኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ወደ ውስጥ ትንፋሻቸውን ስበው «እ!» አሉኝ።

ረቡዕ

አንድም ሰው ሳይጎድል ተመለስን። ደሴ መናኸሪያ ላይ አንድ የአገሬ ሰው ሲያየኝ ሻንጣውን ጣለ። «ጠፍተሃል አልተባለም እንዴ?» አቀስታ ላይ ባለ ሻይ ቤቷ «ያረቢ! ያ የተባለው መምህር አንተ ነህ?» ብላ ሻይ በነፃ ሰጠችኝ፤ ለምን እንዳዘነችልኝ አልገባኝም። መካነ ሰላም ስንገባ የማስተምራቸው ልጆች ከሚኒባሱ ኋላ ሮጡ። የደስታ ሩጫ እንደሆነ ለማመን እሞክራለሁ።

እናኑ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሳትስመኝ በፊት ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ ሳመችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። ያሳለፈችውን ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ጎረቤቱ ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ግማሹ እንደ ለቅሶ «እግዜር ያጽናሽ»፣ ግማሹ እንደ ሰርግ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል። ፓስፖርት መሰብሰቤን ሰይድ ከአዲስ አበባ ለሚስቱ ነግሯት ስለነበር፣ ወጣቶቹን ጥሎ፣ ፓስፖርታቸውንም ይዞ ነው የጠፋው የሚል ወሬ ተጨመረ። የሌሎቹ ዘመዶች ደጃችን ላይ ተሰብስበው ልጆቻችንን አምጪ እያሉ ጮሁባት።

«የኔታ መጡ» አለች እናኑ። «ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሊያለቅሱብኝ ነው ብዬ ተንበረከክሁ። እሳቸው አነሱኝና ወደ ሰዉ ዞረው ‹ደምሴ መንገድ ስቶ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ዋሱ እኔ ነኝ። የሚጠይቅ ካለ ከእሷ ደጅ ተነስቶ እኔ ደጅ ይምጣ› አሉ። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። እሳቸው እስኪመሽ ከደጃፉ አልተነሱም።»

ልጃቸው ያለ ፓስፖርት በሰው አገር ቀርታለች የተባለው እኔ ጠፋሁ ተብሎ ነው። እኔን ለመርገም ከሁሉ በላይ መብት የነበራቸው እሳቸው ነበሩ።

ከሚኒባሱ አብራኝ የመጣችውን ሐረግን ይዤ ያንኑ ምሽት ቤታቸው ሄድኩ። ሐረግ ጉልበታቸውን ስማ ወደ ጓዳ ገባች። ስለ በሩ፣ ስለ መከተሌ፣ ስለ ፓስፖርቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ቀና ብዬ ላያቸው እያፈርኩ «የኔታ፣ ጠፋ ሲሉዎት ምንም አልተጠራጠሩም?» አልኳቸው።

«እንዴት አልጠራጠርም ልጄ? ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት» አሉ። «ግን ሚስትህ ፊቴ ቆማለች። ጥርጣሬዬን በእሷ ላይ ልጫንባት?»